አምስት ብዕር፣ አምስት ስኒ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አኖ ከተማ የሚኖሩት አያቱ የሰጡት የድሮ ብዕር ነበር። «ቲቸር፣ ይሄ ይጽፋል?» አለኝ። እኔ ጫፉንም ክዳኑንም አላየሁም። ጥቁሩን ገላ በአውራ ጣቴ እስኪሞቅ ድረስ አሸሁትና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ ወንበር አንዷ፣ ቲቸር እስክሪብቶ ማሽተት ጀመረች ብላ ለጓደኛዋ ስታንሾካሹክ ሰማኋት።

ይሳቁ። እኔ የፈለግሁትን አግኝቻለሁ፤ አሁን የተጫረ ክብሪት ሽታ፣ ከሥሩ ደግሞ ፀሐይ የመታው ጎማ። ላስረዳ። ከድሮ ብዕሮች ብዙዎቹ ገላቸው የተሠራው ከጠነከረ ጎማ ነው። ጎማው እንዲጠነክር ድኝ ተጨምሮበት ይበስላል፤ ስለዚህ ስንት ዓመት ቢያልፈው ሲታሽ ድኙ ይሸታል። ፕላስቲክ ግን ቀኑን ሙሉ ቢታሽ ምንም አይሸትም። ይህንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ አምስተኛን በምጠብቅበት ክረምት፣ ነቀምት ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ፣ ዝናብ የሚያስገባ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጬ የተማርኩት ነው።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ አያቴ አርፈዋል። አያቴ በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው ነቀምት የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ለሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የፈጁ ሰው ነበሩ። ጠረጴዛ አልነበራቸውም። ጉልበታቸው ላይ ጣውላ አጋድመው፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚጽፉት። ካረፉ በኋላ ከአልጋቸው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። በውስጡ አምስት ብዕሮች ነበሩ፤ አንዳቸውም አይጽፉም።

ሲሬ የምትኖረው አክስቴ እታገኝ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከአያቴ ንብረት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ ይጽፉበት የነበረውን ብዕር። ጥያቄውም የደረሰን በሰው አፍ ነው፤ ከአባቴ ጋር አትነጋገርም ነበርና። ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ሲያርፉ አክስቴ የአሥር ቀን አራስ ነበረች። አራስ ስለማትረዳ አባቴ ሞታቸውን ደበቃት። በደወለች ቁጥር አባዬ ተኝቷል፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነው ይላታል። ሁለት ወር እንዲህ ቆየ። ስትበረታ የሲሬ ሽማግሌዎች በማለዳ ገብተው አረዷት። ያን ቀን ለአባቴ ደወለችና፣ «ሁለት ወር ሙሉ ሾርባ አጠጡልኝ ስልህ እሺ ትለኝ ነበር» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማንም።

ሌላው ችግር፣ ከአምስቱ የትኛው የአያቴ እንደሆነ ማንም አለማወቁ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገራቸው መጻፍ ትተው ነበር። ደንበኞቻቸው ደግሞ የተበላሸ ብዕራቸውን ለርስዎ ይሁን እያሉ ይተዉላቸው እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። አባቴ አክስቴ በጳጉሜ ነቀምት እንደምትመጣ ሲሰማ ቆርቆሮውን አስያዘኝና ወደ ኦቦ ዲንሳ ወሰደኝ።

ኦቦ ዲንሳ የመሥሪያ ቤቶችን የጽሕፈት መኪና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። የጽሕፈት መኪናዎቹ ከእሳቸው ጋር ጡረታ ስለወጡ ሱቃቸው ውስጥ አሁን የሚጠገነው ሰዓት፣ ራዲዮና ጃንጥላ ነው። ሱቁ ስፋቱ የአንድ በር ያህል ነበር። አባቴ «አካም ቡልተን ኦቦ ዲንሳ» ብሎ ጎንበስ ሲል እሳቸው ሰላምታውን ሳይጨርሱ ቆርቆሮውን ከእጄ ተቀበሉ። ከፈቱት። ዓይናቸው ላይ የምትጣበቀውን ትንሽ የሰዓት ሠሪ መነጽር አወረዱ። ብዕሮቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ። ከዚያ እንደ ልጅ ሳቁ። ከጽሕፈት መኪናው በፊት ሥራ የጀመሩት በብዕር ጥገና እንደነበረ ያን ቀን ነው የሰማነው።

ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር አባቴ በየቀኑ እዚያ እንድውል ፈቀደልኝ። እኔ «አካኮ» እላቸው ጀመር፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ለማለት።

የመጀመሪያው ቀን አምስት አፋቸው የተሸረፈ ስኒዎች ደረደሩ። በእያንዳንዱ ቀዝቃዛ ውኃ ጨመሩ።

«ሕጉ አንድ ነው» አሉኝ። «አንድ ብዕር፣ አንድ ስኒ። የእሱ የሆነ ሁሉ ከእሱ ጋር ይደር።»

ለምን ሙቅ ውኃ አይሆንም ብዬ ጠየቅሁ። ሙቅ ውኃ ጥቁሩን ጎማ እንደሚያነጣው፣ ሌላውን ደግሞ እንደሚያጣምመው ነገሩኝ። ከዚያ የጥቁሩን ብዕር ጫፍ ውኃው ውስጥ ነከሩት፤ እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከጫፉ ሰማያዊ ክር ወጣ። ክሩ ወደ ታች ወረደ፣ ተጠመዘዘ፣ እንደ ጭስ ተበተነ። የደረቀው ቀለም መልቀቁ ነው። እኔ ግን እንደዚያ አልመሰለኝም። ብዕር ውስጥ ያለ ቀለም ገና ያልተጻፈ ቃል ነው ብዬ አምን ነበር። ሰው ሲጽፍ ቃሉ ከጭንቅላት ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ብዕር ይወርዳል፤ ሳይጻፍ የቀረው እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ስኒው ውስጥ እየተበተነ ያለው ምናልባት አያቴ ሊጽፉት አስበው ያልደረሱበት ነገር ነው።

አካኮ ውኃውን ሊደፉት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ምክንያቴን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ከመደርደሪያው ሥር ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ አወጡልኝ።

«እንግዲያው ክዳኑን አጥብቂው፤ ቃል ይተናል» አሉ።

አምስት ጠርሙስ ሞላሁ። በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ለጥፌ ስም ጻፍኩ፦ ጥቁሩ፣ አረንጓዴው፣ ቡናማው፣ ባለ መስመሩ፣ ወፍራሙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ መነጋገር አይቻልም ነበርና እሳቸው በጣታቸው ያሳዩኛል፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ።

ስንት ነገር ነበር! በድሮ ብዕር ሆድ ውስጥ ቀለም የምትይዝ የላስቲክ ከረጢት አለች። በጎኑ ያለችው ማንሻ ስትጫን ከረጢቷ ትጨመቃለች፣ ስትለቀቅ ቀለም ትጠጣለች። የእኛዎቹ ከረጢቶች ደርቀው እንደ ቆሎ ይፈረፈሩ ነበር። መለዋወጫ ነቀምት ውስጥ የለም፤ አዲስ አበባም ስለመኖሩ አካኮ ይጠራጠራሉ። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት የዓይን ጠብታ መጣልን፤ ጠብታውን ለጎረቤት ሰጥተን የመጭመቂያውን ላስቲክ ወሰድን። ማጣበቂያው የእናቴ የጥፍር ቀለም ነበር። ላስቲኩ ከማንሻው ጋር እንዳይጣበቅ የሕፃን ፓውደር ይነሰነስበታል። እናቴ የጥፍር ቀለሟን ስታጣ፣ ሽማግሌው ጥፍራቸውን መቀባት ጀመሩ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይህንን ለአካኮ ስነግራቸው ጣቶቻቸውን ዘርግተው፣ ቀዩ አይሻለኝም ብለሽ ጠይቂልኝ አሉኝ።

ከአምስቱ የምጠላው ጥቁሩን ነበር። መያዣው ላይ ክር ተጠምጥሞበታል፣ ክሩም በላብ ጠቁሯል። የኋላ ጫፉን ደግሞ አይጥ በልቶታል፤ ትናንሽ ጉድጓዶች ዙሪያውን ሞልተውታል። የምወደው አረንጓዴውን ነበር። ሲሽከረከር እንደ ጥንዚዛ ጀርባ ያብረቀርቃል። የአያቴ ብዕር እሱ እንደሆነ ለራሴ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንድ ቀን አካኮ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱና ሱቁን ጠብቂ አሉኝ። ብዕሮቹ ተፈታተው፣ ክዳኑም ገላውም ጫፉም በየስኒው ተቀምጧል። ጠበቅሁ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ከዚያ ስኒዎቹን ሳያቸው ዝብርቅርቅ ያሉ መሰሉኝ። በክፍል ውስጥ የተማርነው ተመሳሳይ ነገሮችን አንድ ላይ መመደብ ነው። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ፤ ክዳኖቹን በአንድ ስኒ፣ ገላዎቹን በአንድ፣ የብረት ጫፎቹን በአንድ፣ ከጫፉ ሥር የሚገቡትን ጥቁር ምላሶች በአንድ፣ ማንሻዎቹን በአምስተኛው። ጠረጴዛውን ወለወልኩ። እጄን አጣምሬ ምስጋናዬን መጠበቅ ጀመርኩ።

አካኮ ገቡ። አዩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ቀስ ብለው። «የአምስት ሰው መቃብር ከፍተሽ አጥንቱን በዓይነት በዓይነት ደረደርሽው።»

ገባኝ። ከዚያን ቀን በፊት የትኛው የአያቴ እንደሆነ አናውቅም ነበር፤ አሁን ደግሞ አንዱም ብዕር ሙሉ ሰው አይደለም። አለቀስኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ከሁሉም የበለጠ ነው። ክዳን ሲጠፋ ሌላ ስለሚተካበት በመልኩ አይታወቅም፣ በጥርሱ ነው የሚታወቀው አሉኝ። በክዳኑ ውስጥና በገላው አንገት ላይ ያለው ጥምዝ ካልተጋጠመ ክዳኑ የእሱ አይደለም። አምስቱንም ክዳኖች በአንድ ከሰዓት በኋላ አገኘን፤ እያንዳንዱ ሲገጥም በደስታ እጮኽ ነበር። ከጫፎቹም ሦስቱ በልካቸው ራሳቸውን አሳወቁ። ሁለት ቀሩ፤ አንዱ የወርቅ፣ አንዱ የነጭ ብረት። ሁለቱም ጥቁሩ ላይም አረንጓዴው ላይም በትክክል ይገባሉ።

ለእኔ መልሱ ግልጽ ነበር። ወርቁ ለቆንጆው፣ ብረቱ ለአስቀያሚው። አካኮ ጥርጣሬ ቢኖራቸውም ሌላ ምልክት አላገኙምና እንደዚያው ገጠምናቸው። ያስቸገራቸው የወርቁ ጫፍ ነው። በመነጽራቸው ሲያዩት በቀኝ በኩል ሰያፍ ሆኖ ተበልቷል። ሲጽፉበትም ወረቀቱን ይቧጭራል። ወድቆ የተጎዳ ነው ብለው ደመደሙ። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሞርደው ሊያስተካክሉት ተነሱ፤ ሰማዩ ግን ጠቁሮ ሱቁ ጨለመ። ለነገ በብርሃን ይሁን ብለው የብርጭቆ ወረቀቱን ብዕሩ አጠገብ አስቀመጡት።

ያን ቀን ማምሻውን አባቴ መጣ። አረንጓዴውን ባለወርቅ ብዕር ሲያይ ፊቱ በራ።

«በቃ ይሄ ነው። ለእትዬ ይሄን እሰጣታለሁ።»

«ዱጋ?» አሉ አካኮ፤ እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው። «በዓይንህ አይተኸዋል?»

አባቴ ብዕሩን በመዳፉ አሽከረከረው። ቢሆን ባይሆን ማን ያውቃል፣ ደግሞ ለአባዬ የሚገባው እንዲህ ያለ ነው አለ። አካኮ ትከሻቸውን ነቅንቀው፣ እኔ ጠጋኝ ነኝ፣ ለማላውቀው ነገር ግን ምስክር አልሆንም አሉት።

በማግስቱ ጠዋት አካኮ የብርጭቆ ወረቀቱን እርጥብ አድርገው ሊጀምሩ ሲሉ በሩ ላይ ጥላ አየን። አክስቴ ነበረች። ከሲሬ የመጣችበት ሚኒባስ መንገዱ ዳር አውርዷት፣ ዝናቡ ስላየለ እዚያው መጠለሏ ነው። ስድስት ወር የሞላው ልጇ ጀርባዋ ላይ በአንቀልባ ታዝሏል። ሊቀበላት የሄደው አባቴ ሻንጣዋን ይዞ ሁለት እርምጃ ከኋላ ቆሟል። ኮቱ በዝናብ በስብሷል። ለአካኮ በኦሮምኛ ደህና አድርጋ ሰላምታ ሰጠች፤ እኔን ሳመችኝ፤ ወደ አባቴ አልዞረችም።

አባቴ አረንጓዴውን ብዕር ከጠረጴዛው አንስቶ በሁለት እጁ ዘረጋላት።

«እትዬ፣ የአባዬ ብዕር።»

አክስቴ አልተቀበለችውም። «ዘንድሮ አንድ ጊዜ ዋሽተኸኛል ታደሰ» አለች። «አንድ ይበቃል። ይሄ ነው?»

አባቴ ብዕሩን አየ፣ እኔን አየኝ። እጁ እንደተዘረጋ ነው። አባቴ አዎ ካለ አክስቴ ከዚያ በኋላ በሕይወቷ እንደማታምነን ተሰማኝ። አይደለም ካለ ደግሞ የሚሰጣት የለውም።

«አናውቅም አክስቴ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያቀላቀልኩት።»

ሁሉንም ነገርኳት። ስኒዎቹን፣ ምድቡን፣ ወርቁ ለቆንጆው ብዬ መፍረዴን። አጥንት ስለመደርደሬም ጭምር። አካኮ የቀሩትን አራት ብዕሮች ወደ እሷ አስጠጉ።

አክስቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። ጥቁሩ ላይ ስትደርስ አነሳችው። ገልብጣ የኋላ ጫፉን በጣቷ ዳበሰች።

«እሱን አይጥ በልቶታል» አልኳት ለማስረዳት።

«አይጧ እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባዋም። በልጅነቷ አያቴ ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ከጎናቸው አስቀምጠው ፊደል ያስተምሯት እንደነበር ነገረችን። እጇን በእጃቸው ውስጥ ይዘው ያጽፏታል። ደንበኛ ሲመጣና ሲያናግሩት እሷ ብዕሩን ትቀማና እስኪጨርሱ ታኝከዋለች። ክሩንም ያጠመጠሙት የእሷ ትንሽ እጅ እየተንሸራተተ ስላስቸገራት ነው።

ያን የጠላሁትን ክር እንደገና አየሁት።

አክስቴ ብዕሩን የአካኮ ቀለም ውስጥ ነክራ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሳበች። ራሷን ግራ ቀኝ ወዘወዘች።

«ገላው የአባዬ ነው። እጁ ግን አይደለም። አባዬ ጣውላው ላይ አስተኝቶ፣ ወደ ቀኝ አጋድሎ ነበር የሚጽፈው። ቀጥ አድርገህ ከያዝከው ይቧጭርሃል፤ ካስተኛኸው ይሄዳል።»

አካኮ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። እርጥቡን የብርጭቆ ወረቀት አነሱና ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ ወረወሩት። ተጎድቷል ያሉት ጫፍ አልተጎዳም ነበር። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በአንድ በኩል ሲጽፍ ወርቁን እንደራሱ እጅ ሞርዶት ነው። ትናንት ሰማዩ ባይጠቁር ኖሮ፣ ዛሬ አክስቴ አምስት ደቂቃ ብትዘገይ ኖሮ፣ ያንን እጅ እኛው እናጠፋው ነበር። የወርቁን ጫፍ ከአረንጓዴው ነቅለው ጥቁሩ ላይ ገጠሙት።

«ቀለም ልሙላልሽ?» አሏት።

እኔ ቀደምኩ። ከመደርደሪያው «ጥቁሩ» የሚለውን ጠርሙስ አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። ክዳኖችና ጫፎች ቢቀላቀሉም ጠርሙሶቹ አልተቀላቀሉም።

«ይሄ ውስጡ የነበረው ነው» አልኳት። «አያቴ ሳይጽፉት የቀሩት።»

አክስቴ የለጠፍኩትን ወረቀት አነበበች። አካኮን አየች፤ እሳቸውም በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ልትጽፍ ጎንበስ ስትል ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ አልመች አላት። አንቀልባውን ፈታች፣ ልጁን አዙራ ለአባቴ ዘረጋችለት።

«ታዴ፣ ያዘው። ተጠንቀቅ፣ ይሸናብሃል።»

ታዴ ብላ ስትጠራው ከተኳረፉ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። አባቴ አረንጓዴውን ብዕር የት እንደሚያደርገው ጠፋበት፤ በመጨረሻ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ልጁን ደረቱ ላይ አቀፈው።

አክስቴ ብዕሩን ከጠርሙሱ ሞላች። ምን እንደምትጽፍ ስታስብ የኋላውን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተችው፤ ጥርሶቿ በጉድጓዶቹ ላይ ልክ በልክ ሲያርፉ አየሁ። ከዚያ ብዕሩን ወደ ቀኝ አጋደለችው። አልቧጨረም። ቀለሙ ከውኃ ብዛት የተነሳ ፈዛዛ ነበር፤ ሰማይ ጠራ ሲል የሚታየው ዓይነት ሰማያዊ። ሁለት ቃል ብቻ ጻፈች።

አባዬ፣ ደረስኩ።

እንዲደርቅ እፍ ልልበት አጎነበስኩ። አካኮ ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝ፤ በራሱ ይድረቅ ብለው። አባቴ ልጁን እንዳቀፈ ቀረብ ብሎ አነበበው፤ ከዚያም ደግሞ አነበበው። ሸሚዙ ደረቱ ላይ እየረጠበ ነበር። እኔም ሕፃኑ እውነትም ሸናበት ብዬ ለአክስቴ ልነግራት ስል፣ ቀና ብዬ የአባቴን ፊት አየሁና ዝም አልኩ።